ጎማው ተለካ፤ የአሽከርካሪው ላብስ?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2023 ምሽት ከዶሃ በስተሰሜን በሚገኘው የሉሳይል የመኪና ውድድር ሜዳ የፎርሙላ ዋን የኳታር ግራንድ ፕሪ ተካሄደ። ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች፤ የአየሩ ሙቀት ግን ገና ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልወረደም። ከባሕረ ሰላጤው የሚነሣው እርጥበትም ሌሊቱን ወበቅ አድርጎታል። ውድድሩን ያሸነፈው ማክስ ቨርስታፐን ነበር። ያን ምሽት የተመለከተ ሰው የሚያስታውሰው ግን አሸናፊውን ሳይሆን ውድድሩን ጨርሰው ከመኪናቸው ለመውጣት ጉልበት ያጡትን አሽከርካሪዎች ነው።

የ22 ዓመቱ አሜሪካዊ ሎጋን ሳርጀንት በዚያው ሳምንት ጉንፋን መሰል ሕመም ይዞት ሰንብቶ ነበር። ሰውነቱ ፈሳሽ ሲያልቅበት ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ፈረንሳዊው ኤስቴባን ኦኮን ገና በ15ኛው ዙር አካባቢ ሄልሜቱ ውስጥ አስመለሰው፤ ሆኖም አላቆመም፤ 57ቱንም ዙር ጨርሶ 7ኛ ወጣ። ካናዳዊው ላንስ ስትሮል በፈጣኖቹ ኩርባዎች ላይ ዓይኑ ይፈዝበትና ራሱን ሊስት ይቃጣው እንደነበር ተናገረ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ራስልም ራሱን ለመሳት ተቃርቦ ነበር። አሌክስ አልቦን ወደ ሕክምና ማዕከሉ ተወስዶ በከፍተኛ ሙቀት ለደረሰበት ጉዳት ርዳታ ተደረገለት። የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ፈርናንዶ አሎንሶ ደግሞ መቀመጫው እያቃጠለው ስለነበር ጎማ ለመቀየር ሲቆም ውሃ እንዲያፈሱበት ቡድኑን በሬዲዮ ለመነ።

በዚያው ቅዳሜና እሑድ ሌላም ነገር ተከስቶ ነበር። ከዓርቡ ልምምድ በኋላ የጎማ አቅራቢው ባለሙያዎች ያገለገሉትን ጎማዎች ሲመረምሩ በጎናቸው ላይ ሽፋኑ ከውስጠኛው ክር ሊላቀቅ መጀመሩን አዩ። መንስኤው የመንገዱ ጠርዝ ላይ የተሠሩት ሹል ጉብታዎች ነበሩ። አዘጋጆቹ አላመነቱም። በአንዳንድ ኩርባዎች የመንገዱን ወሰን አጠበቡ፤ በእሑድ ዕለትም ማንኛውም ጎማ ከ18 ዙር በላይ እንዳይነዳ ወሰኑ። ጎማው ገና አልፈነዳም ነበር፤ ሊፈነዳ ይችላል የሚል ጥርጣሬ ብቻ በቂ ሆነ።

ውሳኔው ትክክል ነበር። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። በተለመደው ውድድር አሽከርካሪ ጎማውን ለማቆየት ሲል ረገብ ብሎ የሚነዳባቸው ዙሮች አሉት፤ ሰውነቱም በዚያች ፋታ ይተነፍሳል። ጎማው በ18 ዙር መቀየሩ የግድ ከሆነ ግን ማቆየት የሚባል ነገር ቀረ። ሁሉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዙር በሙሉ ኃይሉ ነዳ። ጎማውን ለማዳን የወጣው ገደብ የሰውን ሸክም አከበደው፤ ለሰውየው ግን በዚያ ምሽት ምንም ገደብ አልተቀመጠለትም።

ይህ አጋጣሚ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የመኪና ውድድር ነዳጁን በግራም፣ የጎማውን ሙቀት በዲግሪ፣ የፍሬኑን ውፍረት በሚሊ ሜትር የሚለካ ስፖርት ነው። የአሽከርካሪውን ውሃ ግን ለረጅም ዘመን የግል ጉዳይ፣ የጽናት መፈተኛ፣ ከዚያም አልፎ ትርፍ ክብደት አድርጎ ሲቆጥረው ኖሯል። ችግሩ ከሙቀቱ ይልቅ በዚህ አቆጣጠር ላይ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከላብ መጀመር ይገባል። የሰው ልጅ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማላብ ሳይሆን ላቡ ከቆዳው ላይ ሲተን ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀ ወይም ልብስ ውስጥ የቀረ ላብ ግን የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም። አሽከርካሪው ከውስጥ ሱሪና ሸሚዝ ጀምሮ እስከ ጓንት፣ ካልሲና የፊት መሸፈኛ ድረስ እሳት በሚቋቋም ጨርቅ ተጠቅልሏል። በላዩ ላይ ብዙ ድርብ ያለው ቱታ፣ ከዚያም ሄልሜት ይደረባል። ከጀርባው ሞተሩ፣ በዙሪያው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኖችና የሚግሉ ቧንቧዎች አሉ። የሚቀመጠው አካሉን ልክ ተከትሎ በተቀረጸ ጠባብ ስፍራ ነው። አየሩ ራሱ በእርጥበት በተሞላበት ሌሊት ላቡ ወዴት ይተን? ሰውነቱ ሙቀቱ ስላልቀነሰለት ይበልጥ ያልባል፤ ይበልጥ ባላበ ቁጥር ይበልጥ ይደርቃል፤ ቅዝቃዜው ግን አይመጣም።

ቱታው ይቅለል የሚል መልስ ለሚያቀርብ ሰው የባሕሬኑን አደጋ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2020 የሮማን ግሮዣን መኪና ከብረት አጥር ጋር ተጋጭቶ ለሁለት ሲከፈልና በእሳት ሲዋጥ፣ ግሮዣን 28 ሰከንድ ያህል በነበልባል ውስጥ ቆይቶ በሕይወት ወጥቷል። እጆቹ ተቃጠሉ እንጂ ነፍሱ ተረፈች። ስለዚህ ቱታው አይነካም። የሚነሣው ጥያቄ የዚህን ጥበቃ ዋጋ፣ ማለትም በውስጡ የሚታመቀውን ሙቀት፣ ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

በሞቃት ውድድር አንድ አሽከርካሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም የሚደርስ ክብደት በላብ ሊያጣ ይችላል። 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 3 ኪሎ ማለት ከሰውነቱ ክብደት ከ4 በመቶ በላይ ነው። የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ መጠንቀቂያ ምልክቱን የሚያስቀምጡት 2 በመቶ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይቀንሳል፤ ልብ በእያንዳንዱ ምት የምትረጨው ደም ስለሚያንስ ጉድለቱን ለመሙላት ምቷን ታፈጥናለች። አሽከርካሪው ደግሞ ቀድሞውኑ ልቡ በደቂቃ ከ160 በላይ እየመታ ነው። ያለው ደም ቆዳን ለማቀዝቀዝ፣ ጡንቻን ለማንቀሳቀስና አንጎልን ለመመገብ ይሻማል። የስትሮል ዓይን ሲፈዝ የታየው የዚህ ሽሚያ ውጤት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ታዲያ ውሃ መጠጣት ነዋ! ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ክርክሩም ባላስፈለገ። የውድድር መኪና በውስጡ ትንሽ የመጠጥ ከረጢት አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይይዛል። ከከረጢቱ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ ሄልሜቱ ውስጥ እስከ አሽከርካሪው አፍ ይደርሳል፤ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ፓምፑ መጠጡን ይገፋለታል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ቀዝቃዛ የነበረው መጠጥ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከመኪናው ጋር አብሮ ይግላል። አሽከርካሪዎቹ ራሳቸው ከሻይ ጋር ያመሳስሉታል። ስኳርና ጨው ያለው ትኩስ ሻይ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየነዱ መጠጣት ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም፤ ጥቂት የማይባሉትም ሞክረው ይተዉታል። አንዳንዴ ደግሞ የሚተውት ነገርም አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሃንጋሪ ኪሚ ራይኮነን ቱቦው ሳይገናኝለት ስለቀረ ያንን ሞቃት ውድድር ያለ አንድ ጉንጭ ውሃ ጨርሷል።

ከረጢቱ ቢሰፋና መጠጡ ቢቀዘቅዝ እንኳ ሆድም የራሱ ወሰን አለው። ጨጓራ ወደ አንጀት ሊያሳልፍ የሚችለው ፈሳሽ በሰዓት ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ላቡ ግን በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። በላዩ ላይ ፍሬን ሲያዝና ኩርባ ሲዞር ከራሱ ክብደት አራትና አምስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ሆድ ዕቃውን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። የኦኮን ሆድ የገፋውን መልሶ ቢተፋ አያስገርምም። ንጹሕ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣትም ሌላ አደጋ አለው። ላብ ጨው ይዞ ይወጣልና፣ ጨው የሌለው ውሃ በብዛት ሲገባ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ ይህም ከራስ ምታትና ግራ መጋባት እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከውድድሩ በፊት ባሉት ሰዓታት ነው፤ ጥቂት በጥቂት፣ ከጨው ጋር። በውድድሩ ውስጥ የሚጠጣው ጉድለቱን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህም ማለት ውሃ ብቻውን መልስ አይደለም፤ ሰውነቱን ከውጭ የሚያቀዘቅዝ ነገር ያስፈልጋል።

የድርቀት አደገኛ ገጽታ ከጡንቻ ይልቅ ጭንቅላት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በእንግሊዝ የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቀሳል። በጎ ፈቃደኞች በማስመሰያ መኪና ላይ ተቀምጠው ለሁለት ሰዓት አሰልቺ መንገድ እንዲነዱ ተደረገ፤ አንድ ቀን በቂ ጠጥተው፣ ሌላ ቀን ጥቂት ብቻ ቀምሰው። በቂ በጠጡበት ቀን 47፣ በተጠሙበት ቀን 101 ስሕተት ተመዘገበ። ስሕተት የተባለው ከመስመር መውጣት፣ ፍሬን ዘግይቶ መያዝና የመሳሰለው ነው። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለነበር ውጤቱን በልኩ መውሰድ ይገባል። ያም ሆኖ ያጡት ፈሳሽ ከክብደታቸው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበር ሲታሰብ የሚያስደነግጥ ነው። በዋሽንግተን ታክሲ የሚያሽከረክሩ ወይም በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖች፣ መጸዳጃ ፍለጋ ላለመቆም ሲሉ ውሃ የሚቀንሱት ጥቂት አይደሉም፤ ይህ ጥናት ከፎርሙላ ዋን ይልቅ ለእነርሱ ይቀርባል። የውድድር አሽከርካሪው ግን የሚያጣው ከዚህ ሦስትና አራት እጥፍ ነው፤ ፍጥነቱም እንዲሁ ሦስት እጥፍ። ለሚሠራው ስሕተት ዋጋ የሚከፍለውም እርሱ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ የሚነዳው ተወዳዳሪና ከአጥሩ ጀርባ የቆመው ሠራተኛም ነው።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ውሃ ለምን ተናቀ? መልሱ ሚዛን ነው። በፎርሙላ ዋን አሥር ኪሎ ግራም ትርፍ ክብደት በአንድ ዙር 0.3 ሰከንድ ያህል እንደሚያስዘገይ ይገመታል። በዚህ ስሌት አንድ ሊትር ውሃ 0.03 ሰከንድ ነው። ተራ ሰው ይህን ሰምቶ ይስቅ ይሆናል፤ መኪናው ከዝቅተኛው የተፈቀደ ክብደት በላይ ለሆነበት ቡድን ግን የአሽከርካሪው መጠጥ ከመኪናው ላይ ሊፋቅ የሚችል ቀለም ያህል ነው።

የዚህ አስተሳሰብ ታሪክ አንዳንዴ ከቀልድ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1982 አንዳንድ ቡድኖች ፍሬን ማቀዝቀዣ ነው በሚል ሰበብ መኪናቸው ላይ የውሃ ታንክ ገጠሙ። ውሃው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ መኪናው ቀልሎ ይሮጣል፤ ከውድድሩ በኋላ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ታንኩ እንደገና ይሞላል። በዚያ ዓመት በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተካሄደው የብራዚል ግራንድ ፕሪ ይህን ዘዴ የተጠቀመው ኔልሰን ፒኬ በአገሩ ሕዝብ ፊት አንደኛ ወጣ፤ በሽልማቱ መድረክ ላይ ግን ከሙቀትና ከድካም የተነሣ ራሱን ስቶ ወደቀ። መኪናው ለፍሬን የሚሆን ውሃ ጭኖ ሲነሣ፣ ሰውየው በውሃ እጥረት ተዝለፍልፎ ወደቀ። በኋላም እርሱና ሁለተኛ የወጣው ኬኬ ሮዝበርግ በዚያው የክብደት ጉዳይ ከውጤቱ ተሰረዙ፤ ድሉም ለአላን ፕሮስት ተሰጠ።

ሮዝበርግ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደገና ይመጣል፤ በዚህኛው ግን በመልካም ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 1984 በቴክሳስ ዳላስ የተካሄደው ግራንድ ፕሪ የአየሩ ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ የደረሰበት፣ የአስፋልቱ ገጽ በግለት የተፈረካከሰበት ነበር። ናይጀል ማንሰል መኪናው መጨረሻው መስመር አጠገብ ሲቆምበት ወርዶ ሊገፋ ሞከረና መንገዱ ላይ ተዘርሮ ወደቀ። ያንን ውድድር ያሸነፈው ሮዝበርግ በሄልሜቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የሚዘዋወርበት ቆብ አድርጎ ነበር። መፍትሔው በ1984 ተገኝቶ፣ ተፈትሾ፣ አሸንፎም ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመታት ያህል ደንቡ ስለ እርሱ ዝም አለ።

ዝምታው ውሎ አድሮ ወደ ረኀብም አመራ። እ.ኤ.አ. በ2014 አዲሶቹ ከባድ ሞተሮች ሲመጡ የአሽከርካሪው ክብደት ከመኪናው ጋር ተደምሮ ይቆጠር ስለነበር ረጃጅሞቹና ደልደል ያሉት ተጎዱ። ጀርመናዊው አድሪያን ሱቲል ክብደት ለመቆጠብ ያለ መጠጥ ከረጢት ተወዳደረ። ፈረንሳዊው ዣን ኤሪክ ቬርኝ ክብደት ለመቀነስ በያዘው ምግብ ቁጥጥር ሳቢያ በሁለት ውድድሮች መካከል ሆስፒታል ገባ። ይህ የተቃናው በ2019 ነው፤ አሽከርካሪው ከመቀመጫው ጋር ቢያንስ 80 ኪሎ ግራም እንዲመዝን፣ የጎደለውም በተጨማሪ ሸክም እንዲሟላ ደንብ ወጣ። በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ደንብ ወጣቶችን ከረኀብ አወጣ። ማንም ጽናቴ ተነካብኝ ብሎ አላመለከተም።

የጽናቱ ክርክር ግን በሙቀት ጉዳይ ላይ ዛሬም ጠንካራ ነው፤ ተናጋሪዎቹም ከንቱ ሰዎች አይደሉም። ስፖርት መከራን መቻል ነው፤ የተሻለ የተዘጋጀው ያሸንፍ፤ ሙቀቱም እንደ ኩርባው የፈተናው አካል ነው ይላሉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ክርክር የሚያጠናክር ማስረጃ ከቤቱ ሊያመጣ ይችላል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2009 የዱባይን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ሲያሸንፍ በመንገድ ላይ የጠጣውና በላብ ያጣው ተሰልቶ፣ ከሰውነቱ ክብደት 9.8 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ዘግበዋል። ከአሥር አንድ እጁን አጥቶ ያሸነፈ ሰው ካለ አራት በመቶ ምን ያስጮሃል?

መልሱ በሁለቱ ሰዎች አለባበስ ላይ ይታያል። ሯጩ በቁምጣና በቀጭን ካናቴራ ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ራሱ የፈጠረው ነፋስ ላቡን ያተንለታል፤ ያጣው ውሃ ሥራውን ሠርቶለታል። የአሽከርካሪው ላብ ግን ቱታው ውስጥ ታጭቆ ይቀራል፤ ውሃውንም አጥቶ፣ ሙቀቱንም ይዞ ይነዳል። ሯጩ ሲደክመው ይቀዘቅዛል፤ ሲብስበት አስፋልቱ ዳር ይቀመጣል፤ የሚወድቅ ቢሆን እንኳ የሚወድቀው ከራሱ ቁመት ነው። አሽከርካሪው ለሁለት ሰከንድ ራሱን ቢስት በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ከ150 ሜትር በላይ ይጓዛል። የኃይሌ ውጤት ስለ አንድ ድንቅ ሰውነት ይናገራል እንጂ ስለ ሉሳይል ሌሊት የሚናገረው ነገር የለም።

ከሉሳይል በኋላ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ዝም አላለም፤ ይህ ሊመሰገንበት ይገባል። ምርጥ አትሌቶች ቢሆኑም ጤናቸውን አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ እንዲወዳደሩ ሊጠበቅ አይገባም ሲል በይፋ አስታወቀ። የ2024 የኳታር ውድድር ቀዝቀዝ ወዳለው ዲሴምበር ተዛወረ። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ሙቀትንና እርጥበትን አንድ ላይ የሚያሰላው መለኪያ ከ31 ዲግሪ ያልፋል ተብሎ ሲተነበይ “የሙቀት አደጋ” ይታወጃል፤ መኪኖቹም ቀዝቃዛ ፈሳሽ በቀጫጭን ቱቦዎች የሚዘዋወርበትን ሸሚዝ ማስኬጃ መሣሪያ መጫን ግድ ይሆንባቸዋል፤ ለዚህም ሲባል ዝቅተኛው ክብደት በ5 ኪሎ ግራም ከፍ ይላል። አዋጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወጀው በዚያው ዓመት ኦክቶበር በሲንጋፖር ነበር።

ሆኖም ደንቡ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። መሣሪያው ግዴታ ነው፤ ሸሚዙን መልበስ ግን በዚያ ዓመት ፈቃድ ሆነ። የማይለብስ አሽከርካሪ ግማሽ ኪሎ ግራም ሸክም ብቻ ይጨመርበታል። ቨርስታፐንን ጨምሮ አንዳንዶች ምርጫው የአሽከርካሪው ሊሆን ይገባል ብለው ተከራክረዋል። ቅሬታቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ቱቦዎቹ በቀበቶው ሥር ይቆረቁራሉ፤ ማቀዝቀዣው ቢበላሽ ደግሞ በሸሚዙ ውስጥ የሚዞረው የሞቀ ፈሳሽ ነው። እነዚህ ግን መሐንዲስ የሚፈታቸው ችግሮች ናቸው። አንገትን የሚጠብቀው ማሰሪያና ከጭንቅላት በላይ ያለው ቅስት ሲመጡም ተመሳሳይ ቅሬታ ተሰምቶ ነበር፤ ግሮዣን ራሱ ቅስቱን ከተቃወሙት አንዱ ነበር፤ ባሕሬን ላይ ጭንቅላቱን ያዳነው ያው ቅስት ነው።

ምርጫው ለአሽከርካሪው ይተው የሚለው ሐሳብ ነፃነት ይመስላል። ነገር ግን በዓለም ላይ ያሉት የፎርሙላ ዋን መቀመጫዎች በ2025 ሃያ ብቻ ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ መቀመጫ ጀርባ የሚጠብቅ ወጣት አለ። ሳርጀንት ታሞ ሳለ ለመንዳት የወሰነው በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። እንዲህ ያለ ሰው “ሞቆኛል፤ ደክሞኛል” ብሎ ራሱ እንዲመሰክር መጠበቅ የማይሆን ነገር ነው። በተጨማሪም ድርቀት መጀመሪያ የሚያደክመው ፍርድን ነው፤ ውሳኔውን ለመስጠት አቅም ያጣው ራሱ ወሳኙ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ውድድሩ የተካሄደባት አገር የራሷ ሕግ የተሻለ አስተውሎት አለው። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው የሚኒስትር ውሳኔ መሠረት ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል ነው። ከዚህም በተጨማሪ ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ነፋስንና የፀሐይ ጨረርን ደምሮ የሚያሳየው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ሲያልፍ በየትኛውም ወርና ሰዓት ከቤት ውጪ የሚሠራ ሥራ መቆም አለበት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነቱን ሕግ በሥራቸው ያውቁታል፤ አፈጻጸሙ ላይ የሚሉት ብዙ እንደሚኖራቸውም አያጠራጥርም። የሕጉ መሠረት ግን ግልጽ ነው፤ ሠራተኛውን “ትችላለህ ወይ?” ብሎ አይጠይቅም። ቢጠየቅ እችላለሁ እንደሚል ሕግ አውጪው ያውቃልና። መለኪያው ያን ቁጥር ሲያልፍ መሣሪያው ይቀመጣል። ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው አሽከርካሪና የቀን ሠራተኛው በኑሮ አይገናኙም፤ ኩላሊታቸውና ልባቸው ግን አንድ ዓይነት ነው።

የመኪና ውድድር ራሱም ቢሆን ይህን አሠራር የማያውቅ አይደለም። በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ማንም አሽከርካሪ በየትኛውም ስድስት ሰዓት ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ እንዲነዳ አይፈቀድለትም። ዝናብ ሲበረታ ደግሞ በየትኛውም ውድድር ቀይ ባንዲራ ይውለበለባል፤ አሽከርካሪዎቹ እንደሚችሉ ቢምሉ እንኳ ማንም አይሰማቸውም። ዝናብ በካሜራ ይታያል፤ ተመልካቹም ያየዋል። ሙቀት ግን በቴሌቪዥን መስኮት አይታይም፤ የሚታየው ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ሰው መሬት ላይ ሲዘረጋ ነው።

ሊደረግ የሚገባው ጥቂት ነው። የሙቀት አደጋ በታወጀ ቁጥር ማቀዝቀዣው እንደ ሄልሜት ግዴታ ይሁን። የሚሠራ የመጠጥ ከረጢት በሁሉም ውድድር ይኑር፤ ክብደቱም ከመኪናው ሚዛን ውጪ ይቆጠር፤ ያን ጊዜ ውሃ ለማንም ቡድን የ0.03 ሰከንድ ዕዳ መሆኑ ይቀራል። ከአንድ የታወቀ ቁጥር በላይ ደግሞ ውድድሩ ይዘግይ ወይም ይጠር፤ ያ ቁጥር ስንት እንደሚሆን ሐኪሞች ይወስኑት እንጂ የቴሌቪዥን መርሐ ግብር አይወስነው።

አራተኛውና ርካሹ እርምጃ ምንም አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ዛሬም ውድድሩ እንዳለቀ እያንዳንዱ አሽከርካሪ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሄልሜቱን ይዞ፣ ወደ አንድ ክፍል ገብቶ ሚዛን ላይ ይቆማል። ቁጥሩ የሚጻፈው መኪናው ከነአሽከርካሪው የተፈቀደውን ክብደት ማሟላቱን ለማረጋገጥ ነው። ከውድድሩ ሁለት ሰዓት በፊት በዚያው ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ቢቆምና ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢጻፉ፣ ልዩነቱ በላብ የጠፋውን ውሃ ይናገራል። ያን ወረቀት የቡድኑ ስሌተኛ ሳይሆን የውድድሩ ሐኪም ይያዘው፤ 2 በመቶ ያለፈውም ከክፍሉ ወደ ጋዜጠኞች ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሕክምና ማዕከሉ ይሂድ።